ውሃ ሲጠፋ መስኮት የማጽዳት ሥራ እንዳይቆም፦ የአሠራር መመሪያ

በጋው በርትቶ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ መምጣት ሲጀምር፣ መስኮት በማጽዳት የሚተዳደር ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ውሃው ይጠፋል፤ አቧራው ይበዛል። መስታወት ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚቆሽሸው የሚታጠብበት ውሃ በሌለበት ወቅት ነው። ብዙዎች ታዲያ መሣሪያቸውን ሰቅለው ዝናብ ይጠብቃሉ፤ ደንበኞቻቸውም «ለጊዜው ይቆይ» ይላሉ። ይህ የግድ አይደለም።

መስታወት የሚጸዳው በውሃ ብዛት አይደለም። የውሃው ድርሻ የደረቀውን ቆሻሻ ማላላትና የላላውን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ከመስታወቱ ላይ ጠርጎ የሚያነሣው የመጥረጊያው ጎማና የጨርቁ ክር ነው። ብዙ ውሃ የሚፈስሰው አብዛኛውን ጊዜ በደረቁ መነሣት የነበረበትን አቧራ ጭቃ አድርጎ ለማጠብ ነው። ሥራውን በዚህ መንገድ የተረዳ ሰው በድርቅ ወቅትም ይሠራል፣ ሠራተኞቹንም አይበትንም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ሰው ብቻውን በባልዲ ለሚሠራውም፣ ሠራተኛና ተሽከርካሪ ላለው ድርጅትም ይሆናል።

1. ከሁሉ በፊት ደንቡን ጠይቁ

በውሃ እጥረት ጊዜ የሚወጣው ክልከላ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ በቱቦ ማጠብን ብቻ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ሰዓት ይወስናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለንግድ ሥራ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ፣ የውሃ አቅራቢዎች በእጥረት ወቅት በጊዜያዊነት ሊከለክሏቸው ከሚችሏቸው ሥራዎች መካከል የመኖሪያ ቤት መስኮትን በቱቦ ማጽዳትን ለይቶ አስቀምጧል። የተጠቀሰው ቱቦው መሆኑን ልብ በሉ፤ በባልዲ የሚሠራ ሰው በዚያ ክልከላ አይነካም። በሌላ ቦታ ደንቡ ከዚህ ሊጠብቅ ወይም ሊላላ ስለሚችል፣ በወሬ አትመሩ። ውሃ ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በቱቦ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ? በባልዲስ? ከጉድጓድ ወይም ከዝናብ የተጠራቀመ ውሃ በክልከላው ውስጥ ይካተታል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ቅጂውን ሥራ ቦታ ይዛችሁ ተገኙ።

ቅጂው የሚጠቅመው ለተቆጣጣሪ ብቻ አይደለም። ውሃ በጠፋበት ሰፈር መስኮት ሲታጠብ ያየ ጎረቤት ይቆጣል፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም። የኬፕ ታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ግድቦቿ ሊደርቁ በተቃረቡበት ጊዜ ለአንድ ነዋሪ በቀን የፈቀደችው 50 ሊትር ነበር፤ ለመጠጡም፣ ለምግቡም፣ ለገላውም፣ ለልብሱም፣ ለመጸዳጃውም። በዚህ ልክ ካሰብነው አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ አንድ አምስተኛ ነው። ይህን ቁጥር አእምሯችሁ ውስጥ ያዙ። ሰዎች ለመጠጥ ከተሰለፉበት ቧንቧ ለመስኮት ውሃ አትቅዱ፤ ደንቡ ባይከለክልም አታድርጉት።

2. የምትጠቀሙትን ውሃ ለኩ

ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀም ሳያውቅ ሊቀንስ የሚችል የለም። ባልዲያችሁን በሊትር እየለካችሁ ሙሉና በየሊትሩ ከውስጥ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩበት። ከዚያ አንድ ሙሉ ቤት እንደ ወትሮው አጽዱና ስንት ሊትር እንደወጣ፣ ስንት መስታወት እንደጸዳ በማስታወሻ ደብተር ጻፉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 40 መስታወት በ8 ሊትር ካለቀ፣ ለአንዱ 200 ሚሊ ሊትር ወጥቷል ማለት ነው። ነገ እያንዳንዳቸው 30 መስታወት ያላቸው ሦስት ቤቶች ካሉባችሁ 18 ሊትር ያስፈልጋችኋል፤ መጠባበቂያ ሲጨመርበት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ውሃ ከደንበኛው ቤት ሳትጠይቁ ሥራ የምትጨርሱት እንዲህ አስቀድማችሁ ስታውቁት ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለአንድ መስታወት የሚወጣውን መጠን አነጻጽሩ። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ዓይነት ቤት ላይ በጣም የተለያየ ውሃ ካወጡ፣ ቆጣቢው እንዴት እንደሚሠራ ሌላው ቆሞ ይመልከት። ማንኛውም ሥልጠና ይህን ያህል አያስተምርም።

3. ውሃው ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

በእጥረት ወቅት የሚገኘው ውሃ እንደ ወትሮው አይደለም። ዛሬ ከቧንቧ፣ ነገ ከቦቴ፣ ከነገ ወዲያ ከጉድጓድ ሊሆን ይችላል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል። መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ቀለበት የሚተወው ይህ ማዕድን ነው። ሳሙናም በእንዲህ ያለው ውሃ አረፋ አይሰጥም፤ ይልቁንም የሚያጣብቅ እድፍ ይሆናል። ስለዚህ ከደረቅ ሳሙና ይልቅ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ተጠቀሙ።

ለመሞከር ከውሃው ጥቂት ጠብታ በንጹሕ መስታወት ላይ አድርጉና በጥላ አድርቁት። ምልክት ካልተወ ጥሩ ነው። ነጭ ክብ ከተወ ውሃው «ከባድ» ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያም አለ፤ የሚያሳየው ቁጥር ከሚሊዮን ውስጥ ስንት እጅ ማዕድን እንዳለ ነው። በመስታወት ላይ በራሱ ሳይጠረግ እንዲደርቅ የሚተው ውሃ ከ10 በታች ቢሆን ይመረጣል።

ነገር ግን አንድ ነገር ብዙዎች ይስቱታል፦ ይህ ቁጥር የሚያስጨንቀው ውሃውን መስታወቱ ላይ ትቶ ለሚሄድ ሰው ነው። ወዲያው በጎማ ጠርጎ ለሚያደርቅ ሰው ከባድ ውሃም ይሠራል፤ የሚደርቅ ጠብታ እስካልቀረ ድረስ ቀለበት አይኖርም። ለዚህ ነው በእጥረት ጊዜ የባልዲና የጎማ ሥራ ከሌላው ሁሉ የሚሻለው።

የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው፤ ማዕድኑ ትንሽ ነው። ከጣራ ሲቀዳ ግን የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ እርሱ ይፍሰስ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልላችሁ አስቀምጡ።

4. መሣሪያውን ለጥቂት ውሃ አዘጋጁ

ሰፊ ክብ ባልዲ ውሃ ያባክናል፤ ማርጠቢያው (መስታወት የሚረጥብበት፣ ጨርቅ የለበሰው ባለ እጀታ መሣሪያ) እንዲነከር ብቻ ብዙ ሊትር መሙላት ይጠይቃል። ጠባብና ረዘም ያለ፣ ማርጠቢያው በአግድሙ የሚገባበት ባልዲ ግን ሦስት ሊትር ይበቃዋል። ቀለሙ ነጭ ወይም ብሩህ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይታያል። ከቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መያዣም አለ፤ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይዞ ማርጠቢያውንና ጎማውን ርጥብ ያደርጋል፤ መሰላል ላይ ለሚሠራ ሰው በተለይ ይመቻል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው፦ በደቃቁ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ለስላሳ ጠጉር ያለው ብሩሽ፣ አቧራ መምጠጫ ማሽን ካለ እርሱ፣ መለዋወጫ ጎማና ቢያንስ በሁለት ቀለም የተለዩ የማይክሮፋይበር (በጣም ደቃቅ ክር ያላቸው) ጨርቆች። አንዱ ቀለም ለፍሬምና ለደፍ (ከመስኮቱ ሥር ላለው መደብ)፣ ሌላው ለመስታወት ብቻ። የተቀላቀለ ጨርቅ ፍሬም ላይ ያነሣውን አሸዋ መስታወት ላይ ይጎትተዋል።

ሳሙናው ጥቂት ይሁን። ለ5 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሳሙና በጨመረ ቁጥር የሚያለቀልቅ ተጨማሪ ውሃ ይጠይቃል፤ የቀረውም አቧራ ይስባል።

5. የደረቀውን በደረቁ አንሡ

ውሃ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው። ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ አንድ ብቻ ያዙ ብባል ይህን እላለሁ።

ከወንፊት ጀምሩ። የነፍሳት መከላከያው ወንፊት ከተነቀለ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ በብሩሽ አራግፉት። ካልተነቀለ በመምጠጫ ማሽኑ ለስላሳ አፍ ሳቡት። ቀጥሎ የሚንሸራተት መስኮት የሚሄድበትን ሐዲድ ጥረጉ። እዚያ ውስጥ የተኛው አፈር አንዴ ከራሰ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውን ለማውጣት የሚፈስሰው ውሃ ሙሉ መስኮት ያጥባል። በደረቁ ግን በቀጭን ብሩሽ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያ የፍሬሙን ላይኛ ጠርዝ፣ ጎኖቹን፣ መጨረሻ ደፉን ጥረጉ። ምንጊዜም ከላይ ወደ ታች።

መስታወቱ ላይ ስትደርሱ ጥንቃቄ ያሻል። አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን አለ። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን ተራ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። ስለዚህ አቧራ የለበሰን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ማሸት በአሸዋ ወረቀት እንደማሸት ነው፤ ጭረቱም አይመለስም። የሚፈቀደው ለስላሳውን ብሩሽ ሳይጫኑ፣ በክብደቱ ብቻ ከላይ ወደ ታች ማውረድ ነው። መጫን የሚመጣው መስታወቱ ሲርስ ነው።

6. አንዱን መስታወት እንዲህ አጽዱ

ማርጠቢያውን ነክራችሁ አውጡና ባልዲው አፍ ላይ ጨምቁት። ከፍ ሲደረግ የማይንጠባጠብ፣ መስታወት ሲነካ ግን የሚያረጥብ መሆን አለበት። መጀመሪያ አራቱን ዳር፣ ከዚያ መሐሉን አርጥቡ። ቆሻሻው የሚለቀው በጊዜ ነው፤ ጥቂት ቆዩና እንደገና በዚያው ማርጠቢያ እሹት። ጨርቁ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማችሁ አቁሙ፤ አሸዋ አለ። ማርጠቢያውን አራግፋችሁ አጽዱና ቀጥሉ።

አሁን የጎማው ሥራ ነው። የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በጨርቅ ጥግ አድርቁ። ጎማው ከደረቅ ቦታ ካልተነሣ ይንጣጣል፤ መስመርም ይተዋል። ከዚያ መጥረጊያውን በደረቁ ጠርዝ ላይ አሳርፉና እጀታውን ወደ መስታወቱ ዝቅ አድርጋችሁ በእኩል ግፊት ወደ ታች ሳቡ። ሁለተኛው ሳብ የመጀመሪያውን በሦስት ወይም በአራት ጣት ስፋት ይደርብ። ጎማውን በትንሹ አዘንብሉት፤ ውሃው ገና ወዳልተጠረገው ወገን እንዲሸሽ። በየሳቡ መጨረሻ ጎማውን በርጥብ ጨርቅ አንዴ ጥረጉት፤ ባልዲ ውስጥ እየነከሩ ማጠብ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይሠራው ነገር አለ። ወደ ታች ስትስቡ በሌላው እጃችሁ የተጨመቀውን ማርጠቢያ ከመጥረጊያው ሥር ያዙ። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ደፉ ላይ ከመፍሰስ ይልቅ ማርጠቢያው ውስጥ ይገባል፤ ያው ውሃ ለሚቀጥለው መስታወት የመጀመሪያ ማሻ ይሆናል። ደፉም አይጨቀይም፤ እርሱን ለማጽዳት የሚወጣው ውሃና ጊዜም ይተርፋል። እጅ እስኪለምደው ያስቸግራል፤ ከለመደው በኋላ ግን ያለዚያ መሥራት አይሆንላችሁም።

ዳርና ዳሩ ላይ የቀረችውን ቀጭን ርጥበት በታጠፈ ማይክሮፋይበር ጥግ ብቻ ንኩ። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ብታጥፉት ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ገልብጡ። መስታወቱ መሐል ላይ መስመር ከቀረ ጥፋቱ የውሃው ሳይሆን የጎማው ነው፤ ጠርዙ ተቆርጧል ወይም ደንዝዟል። ጎማውን ገልብጡት፤ ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ለውጡት። ያረጀ ጎማ አንዱን መስታወት ሁለት ጊዜ ያሳጥባችኋል።

ለቤት ውስጥ ገጽታ ባልዲም አያስፈልግም። አቧራው ከተነሣ በኋላ ከመርጫው ጠርሙስ ጥቂት ረጭታችሁ በአንድ ጨርቅ አሽታችሁ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጨርሱ።

ቅደም ተከተሉም ውሃ ይቆጥባል። በአንድ ባልዲ መጀመሪያ የውስጡን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ፎቅ ውጭ፣ መጨረሻ መንገድ ዳር ያለውንና በጣም የቆሸሸውን ሥሩ። ውሃው መቼ ይቀየር? ነጩ ባልዲ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ታቹ ካልታየ ለመስታወት አይሆንም። ይህን ውሃ ግን አትድፉት፤ ደፍና ፍሬም ይጠብቁታል።

7. ፀሐይን ሽሹ

የጋለ መስታወት ላይ ውሃው ከመጥረጊያው ቀድሞ ይደርቃል፤ እንደገና ማርጠብ ግድ ይሆናል። ስለዚህ በጥላው በኩል ሥሩ፦ ጠዋት ወደ ምዕራብ የዞረውን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የዞረውን። ቀኑን በማለዳ መጀመር በራሱ ውሃ መቆጠብ ነው። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ በተለይ ጠርዙ ላይ ቀድሞ ስንጥቅ ካለ፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

8. ለግትር እድፍ ጊዜ እንጂ ውሃ አትጨምሩ

የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ቅሪት በቱቦ ሲመታ ብዙ ውሃ ይበላል። እርጥብ የጨርቅ ቁራጭ ለጥፋችሁበት ሌላ መስታወት ሥሩ፤ ስትመለሱ ለስልሶ ይነሣል። የደረቀ ቀለም ካለ በቀጭን መፋቂያ ምላጭ ይፋቃል፤ መስታወቱ ርጥብ ሲሆን ብቻ፣ ወደ ፊት በመግፋት ብቻ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ላይ ግን ምላጭ አደገኛ ነው። በፋብሪካ ሲሠራ የተጣበቁ ደቃቅ ቅንጣቶች ካሉበት ምላጩ ጎትቶ ይጭረዋል፤ ደንበኛውን ሳታስፈቅዱ አትሞክሩት።

የከባድ ውሃ ነጭ ነጠብጣብ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይለቃል። ጨርቁን ነክራችሁ ለጥፉበት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ እሹ፤ በርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ደፍ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግን በጨርቅ ሸፍኑ፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል። ኮምጣጤንም ሆነ ሌላ አሲድን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

9. በረጅም ዘንግና በተጣራ ውሃ የምትሠሩ ከሆነ

ውሃ የሚወጣበት ብሩሽ ያለው ረጅም ዘንግ ከመሬት ሳይነሡ ፎቅ ለማጽዳት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ውሃ ግን ይጠጣል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚያፈስስ ዘንግ አንድ ሰዓት ሳይዘጋ ከሠራ 120 ሊትር ይወስዳል። ይህ ውሃ ሳይጠረግ መስታወቱ ላይ ስለሚደርቅ አስቀድሞ ማዕድኑ መጣራት አለበት፤ በዚህም የማጣሪያው ብክነት አለ። በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ፣ የሚያጣራ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ሊትር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ማዕድኑ የበዛበት ውሃ ወደ ውጭ ይጥላል።

በእጥረት ጊዜ እንዲህ አድርጉ። የሚጣለውን ውሃ በበርሜል ያዙ፤ ለፍሬም ማጠቢያ፣ ለጨርቅ መዘፍዘፊያ፣ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ለመጨረሻ ማለቅለቂያ ግን አይሆንም። ውሃችሁ መጀመሪያውኑ ማዕድን ካልበዛበት፣ ውሃ ሳይጥል በሬዚን (ማዕድኑን ይዞ በሚያስቀር ደቃቅ ፍሬ) ብቻ የሚያጣራውን ዘዴ ተጠቀሙ። ሬዚኑ ቶሎ ያልቅ ይሆናል፤ የሚባክን ውሃ ግን የለም። በቲዲኤስ ሜትር በየጊዜው ለኩት፤ ሬዚኑ ሲያልቅ ቁጥሩ በፍጥነት ይወጣል። ዘንጉ ላይ ውሃውን በእጅ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይኑር። እያሻችሁ ውሃ አታፍስሱ፤ አርጥቡ፣ ዝጉ፣ እሹ፣ ከዚያ ለማለቅለቅ ብቻ ክፈቱ።

እኔ የምመክረው ምድር ቤቱን ሁሉ በባልዲ ሠርቶ ዘንጉን ለፎቁ ማቆየት ነው። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ግን ዘንግ የሚገባውን ከፍታ በመሰላል መውጣት አይገባም። የሰው አካል በሊትር አይለካም።

10. የተጠቀማችሁበትን ውሃና ጨርቅ ያዙ

የቆሸሸውን ውሃ በክዳን ጀሪካን ሰብስቡና ሌሊቱን ይደር። ጭቃው ይዘቅጣል፤ ላይ የጠለለው በማግስቱ ለደፍና ለሐዲድ ይሆናል። ከአንድ ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ይሸታል። አሲድ ወይም ሌላ ኬሚካል የነካውን ውሃ አትክልት ላይ አትድፉ፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥም እንዲሁ።

ጨርቆቹን ከማጠባችሁ በፊት ውጭ ላይ በደረቁ አራግፉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠብ ይልቅ አጠራቅሙ። የማለቅለቂያው ውሃ ለሚቀጥለው እጥበት መዘፍዘፊያ ይሁን። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ የማይክሮፋይበሩን ክር ሸፍኖ ውሃ እንዳይመጥ ያደርገዋል፤ መስታወት ላይም ጭጋግ ይተዋል።

11. ውሃ ስታከማቹና ስትጭኑ

ውሃ ስታጠራቅሙ ብርሃን የማያስገባ፣ ክዳኑ የሚገጥም መያዣ ምረጡ፤ ብርሃን አልጌ ያበቅላል፤ ክፍት ውሃ ትንኝ ያራባል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቆሞ በሚውል ውሃ ውስጥ ይራባል። ውሃው ተረጭቶ ደቃቅ ጤዛ ሲሆንና ሰው ሲተነፍሰው ከባድ የሳንባ ምች ያስይዛል። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ያለ ታንክ ልክ ይህን ሙቀት ይሰጠዋል። ስለዚህ ታንኩን ጥላ ውስጥ አቁሙ፤ ሥራ የማይኖርበት ሳምንት ከመጣ ውሃውን ወደ ሌላ አገልግሎት አውጡት፤ ታንኩንና ቱቦውን በየጊዜው አጽድታችሁ አድርቁ። ቆሞ የከረመ ውሃን በመርጫ አትርጩ።

ስትጭኑ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ መሆኑን አስቡ። 300 ሊትር ማለት ከታንኩ ክብደት ሌላ 300 ኪሎ ነው። ተሽከርካሪው የሚችለውን እዩ፤ ታንኩን ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ማሰሪያ እሰሩ። በግማሽ የተሞላ ታንክ ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት ስለሚወረወር ይበልጥ አደገኛ ነው።

12. ለመጠጥ የሚሆነው አይነካም

የሠራተኛ የመጠጥ ውሃ ከሥራው ውሃ ጋር አይደመርም፤ በተለየ ዕቃ ይያዝ፤ ማንም እንዳይነካው። በሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል ይጠጣ፤ እስኪጠማው አይጠብቅ። በየሰዓቱ አንድ ሊትር ሊደርስ ነው፤ ስሌታችሁ ውስጥ አስገቡት። ራሱን የሚያዞረው፣ ማላብ ያቆመ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀበት ሠራተኛ ወዲያው ከመሰላል ይውረድ፤ ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ሰውነቱን አቀዝቅዙ፤ ሐኪምም ጥሩ። እዚህ ላይ ለማቀዝቀዣ የሚፈስስ ውሃ ብክነት አይባልም።

13. ደንበኛችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ

እጥረቱ እስኪብስ አትጠብቁ። ክልከላው እንደተሰማ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደውላችሁ ሦስት ነገር ንገሩ፦ ሥራው ይቀጥላል፤ ውሃውን እኛው ይዘን እንመጣለን፤ ለቤትዎ የምንጠቀመው ይህን ያህል ሊትር ነው። ቁጥሩን መናገራችሁ ጭንቀቱን ያቀልለታል። «በጣም ጥቂት ውሃ ነው» ከማለት «ለሠላሳ መስታወት ስድስት ሊትር» ማለት ይታመናል። ደብተሩ የሚጠቅመው እዚህም ነው።

ክፍያውን በመስታወት ቁጥር ወይም በሕንፃው እንጂ በሰዓት አታድርጉ፤ በጥንቃቄ መሥራት መጀመሪያ ላይ ዘግየት ስለሚያደርግ ደንበኛው ይህን እንዳይከፍል። ውሃ ገዝታችሁ የምታመጡ ከሆነ ወጪው በደረሰኝ ላይ ለብቻው ይታይ፤ እጥረቱ ሲያልፍ ይነሣ። ከትልልቅ ሕንፃዎች ጋር ውል ስትገቡ ውሃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ክልከላ ቢመጣ ሥራው በምን ዘዴ እንደሚቀጥል፣ መሥራት ባይቻል ቀኑ እንዴት እንደሚዛወር በጽሑፍ ይስፈር። ከጠብ የሚያድነው ይህ አንቀጽ ነው።

የሥራውን ዓይነትም አዛውሩ። በእነዚህ ወራት የቤት ውስጥ መስታወት፣ የወንፊት ጽዳት፣ የሐዲድና የመጋረጃ ዘንግ አቧራ ማንሣት አቅርቡ፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል በደረቁ የሚሠራ ነው። የውጭውን ድግግሞሽ ማራዘም ለሚፈልግ ደንበኛ በመሐሉ የደረቅ አቧራ ጥረጋ ብቻ ስጡት። በአንድ ሰፈር ያሉትን ደንበኞች በአንድ ቀን ሰብስቡ፤ የጀመራችሁት ባልዲ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል።

እምቢ የሚባል ሥራም አለ። ግንባታው ገና ያለቀ፣ ሲሚንቶና ኖራ የደረቀበት ሕንፃ በጥቂት ውሃ አይጸዳም። ያለ በቂ ውሃ ከተነካ መስታወቱ ይጫራል፤ ጥፋቱም በእናንተ ይመካኛል። ምክንያቱን አስረድታችሁ ቀጠሮውን ውሃ ወደሚገኝበት ወቅት አሸጋግሩ።

14. ውሃው ሲመለስ

ለብዙ ቀን ተቋርጦ የመጣ የቧንቧ ውሃ መጀመሪያ ላይ ዝገትና ደለል ይዞ ይወጣል። ወደ ማጣሪያችሁ ቀጥታ አታስገቡት፤ ይደፍነዋል። የመጀመሪያውን በባልዲ ቅዱና አስቀምጡ፤ ሲጠልል ለፍሬም ይሆናል። እየጠራ ሲመጣ በቲዲኤስ ሜትር ለኩ፤ ቁጥሩ ከእጥረቱ በፊት ወደነበረበት ሲመለስ ታንኩን ሙሉ። በቀጠሮ የተሸጋገሩትን ከባድ ሥራዎች በዚያው ሳምንት ጀምሩ፤ ደብተሩን ግን አትዝጉት።